ዶሮዎቼ ቆጡን ትተው በእንቁላል መጣያው ውስጥ የሚያድሩት ለምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን በግቢያችን ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ 18 የቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች አሉኝ። የገዛኋቸው የሦስት ወር ቄቦች ሆነው ነው፤ አሁን እንቁላል መጣል ከጀመሩ ሰንብተዋል። ባለቤቴ ሁለት ሜትር ርዝመት ካለው የባሕር ዛፍ አጣና በጉልበት ከፍታ ላይ ቆጥ ሠርቶላቸዋል። የእንቁላል መጣያዎቹ ደግሞ ግድግዳው ላይ በሁለት ደርብ የተደረደሩ 6 ሳጥኖች ናቸው፤ የላይኛው ደርብ ደረቴ ድረስ ይደርሳል። ቆጡ ላይ የሚያድሩት አምስት ወይም ስድስቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሲመሽ እየተሻሙ ወደ ሳጥኖቹ ይገባሉ፤ አንዳንዴም ሦስቱ በአንድ ሳጥን ተጣበው ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት ጉዝጓዙን በኩስ ተለውሶ አገኘዋለሁ፤ እንቁላሉም ቆሽሾ ስለሚወጣ የምሸጥለት ሱቅ መመለስ ጀምሯል። የሳጥኖቹን አፍ በጆንያ ብሸፍነው መሬት ላይ ተከማችተው አደሩ እንጂ ወደ ቆጡ አልወጡም። ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው ወይስ ዝርያቸው? ቆጥ ላይ ማደርን እንዴት ላስለምዳቸው?
(አንዲት አንባቢ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፤ ጥፋቱ የዝርያቸው አይደለም፤ ዶሮዎቹም እልኸኞች ሆነው አይደለም። ከጻፉልን ውስጥ ሁለት ነገሮች አብዛኛውን ችግር ያስረዳሉ። የመጀመሪያው ቆጡ ጉልበት ድረስ ሲሆን የላይኛው መጣያ ደረት ድረስ መድረሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሁለት ሜትር ቆጥ ለ18 ዶሮ የማይበቃ መሆኑ ነው።

የቤት ዶሮ የመጣችው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ሲሆን፣ ይህ ወፍ ቀን መሬት ላይ ሲጭር ውሎ ሲመሽ ከአውሬ ለመሸሽ ዛፍ ላይ ይሰፍራል። በጨለማ የማየት ችሎታዋ እጅግ ደካማ የሆነ ዶሮ፣ ብርሃን ከመጥፋቱ በፊት ልትደርስበት የምትችለውን ከፍ ያለና የተረጋጋ ቦታ መርጣ መቀመጥ አለባት። በገጠር የአበሻ ዶሮዎች ማታ ማታ ወደ ቤቱ ወራጅ እንጨትና ወደ ቆጡ የሚወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ የእርስዎ ዶሮዎች ሲመሽ ቀና ብለው ሲያዩ ከቤቱ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታያቸው የላይኛው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ከሦስት ጎን የተከለለ ለስላሳ መኝታም ይሰጣቸዋል። ዶሮዎቹ ተፈጥሯቸው እንደነገራቸው አድርገዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ቤቱ ነው፤ ማስለመዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በርዝመት በኩል ለአንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የቆጥ ቦታ ያስፈልጋታል፤ በእጅ ሲለካ አንድ ስንዝር ያህል መሆኑ ነው። በዚህ ስሌት 18 ዶሮዎች ቢያንስ 3 ሜትር ከ60 ይፈልጋሉ፤ ሁለት ሜትር ግን ከ10 ዶሮ በላይ አይችልም። በቂ ቦታ በሌለበት ሁሉ ደግሞ ጉልበተኞቹ ዶሮዎች ደካሞቹን እየነከሱ ያወርዳሉ፤ የተባረረችው ዶሮ ሁለት ሦስት ምሽት ከሞከረች በኋላ ተስፋ ቆርጣ የተሸሸገ ቦታ ትፈልጋለች። አምስትና ስድስቱ ብቻ ቆጥ ላይ ማደራቸው ጉልበተኞቹ ስፍራውን መያዛቸውን ሊያመለክት ይችላል። አንድ ምሽት ከመጨለሙ በፊት ቤቱ ደጃፍ ቆመው ማን ማንን እንደሚያባርር ቢመለከቱ ብዙ ነገር ይረዳሉ።

ስለዚህ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር የሆኑ ሁለት ቆጦችን ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ጎን ለጎን ያድርጉ። ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ቢሆኑ እንመርጣለን፤ እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ የተሠራ ቆጥ ሁሉም የላይኛውን ስለሚፈልጉ የማታውን ሽኩቻ ያባብሰዋል። በሁለቱ ቆጦች መካከል ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ በቆጡና በግድግዳው መካከል ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ አለበለዚያ ጅራታቸው ከግድግዳ እየተጋጨ ይቸገራሉ፣ የአንዷም ኩስ በሌላዋ ላይ ያርፋል። እነዚህ ዶሮዎች በቄብነታቸው ቆጥ ሳያውቁ አድገው ሊሆን ስለሚችል ወደ 80 ሳንቲ ሜትር በአንድ ጊዜ መዝለል ያስፈራቸዋል፤ ስለዚህ በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ መረገጫ የምትሆን አንዲት አጭር እንጨት ከፊት ያስቀምጡላቸው። ይህች እንጨት ጠዋት ሲወርዱም ትጠቅማለች፤ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ካልሲየማቸውን ለቅርፊት ስለሚያውሉት አጥንታቸው ይሳሳል፤ ከከፍታ እየዘለሉ ከጠንካራ ወለል ጋር ሲላተሙ የደረት አጥንታቸው በቀላሉ ይሰነጠቃል።

የእንጨቱ ዓይነት በአብዛኛው ቸል ይባላል። ዶሮ ጉልበቷን አጥፋ ስትቀመጥ የእግሯ ጅማት ጣቶቿን ወደ ውስጥ ስለሚስባቸው ተኝታም ቢሆን አትወድቅም። ይህ እንዲሠራ ግን እግሯ የሚጨብጠውና የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገዋል። ቀጭን እንጨት ጣቶቿን ያስጨንቃል፣ የብረት ቱቦ ደግሞ ያንሸራትታል፤ በሱሉልታ ሌሊት በረዶ ያህል ይቀዘቅዛልና ፈጽሞ አንመክረውም። ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዞቹ በመላጊያ ወይም በብርጭቆ ወረቀት የተለዘቡ ሞራሌ ተስማሚ ነው። አጣናውን መጠቀም ከፈለጉ ግን ቅርፊቱን ሙሉ በሙሉ ይላጡት፤ ከቅርፊቱ ሥር ስለሚደበቀው ተባይ ከዚህ በታች ለሌላ ጠያቂ በሰጠነው መልስ ላይ ተናግረናል። ቆጡ በዶሮ ክብደት የሚወዛወዝ ወይም የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ የደነገጠች ዶሮ ተመልሳ ስለማትሰፍርበት በሁለት ምስማር አጥብቀው ይምቱት።

ወደ መጣያዎቹ እንመለስ። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ስለሚበቃ ለ18ቱ 4 ሳጥኖች በቂ ናቸው። የላይኛውን ደርብ ያንሱትና በአንድ ረድፍ፣ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ያስቀምጧቸው። የሳጥኖቹ ክዳን ጠፍጣፋ ከሆነ እዚያ ላይ መስፈራቸው ስለማይቀር ቆርቆሮ ወይም ሳንቃ በጣም ዘንበል አድርገው ይግጠሙበት። ከሳጥኖቹ ፊት ዶሮዎቹ የሚረግጡትን ሳንቃ በማጠፊያ ቢያስሩት ደግሞ ቀን መረገጫ፣ ማታ ወደ ላይ ታጥፎ መዝጊያ ይሆናል። ከጆንያ የሚሻለው ዶሮ ገፍታ ልትገባበት ስለማትችል ነው።

ስለ ቅዝቃዜው የጠየቁት ተገቢ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ በመሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ላባዋ የተሟላና በቂ መኖ የበላች ዶሮ ቅዝቃዜን በደንብ ትቋቋማለች፤ ቆጥ ላይ ተቀምጣ ላባዋን ነፍታ ጣቶቿን በሆዷ ላባ ትሸፍናለች፤ ሰፋ ያለ ቆጥ የሚመረጥበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሚጎዳት በቀጥታ የሚመታት ነፋስና እርጥበት ነው። በመሆኑም ቆጡ በበሩና በመስኮቱ መካከል ባለው የነፋስ መንገድ ላይ ከሆነ ወደ ተከለለው ጥግ ያዛውሩት፤ ነፋስ በሚመታው ቆጥና በተከለለ ሳጥን መካከል ምርጫ ቢሰጣት ሳጥኑን መምረጧ አይቀርም። ቤቱን ግን ሙሉ በሙሉ አይድፈኑት። ከኩሱ የሚወጣው የአሞኒያ ሽታ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ስለሚጎዳ ከራሳቸው በላይ ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ መኖር አለበት፤ መውጫውም ሸለምጥማጥ በማያሾልክ ሽቦ መሸፈን ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ማስለመዱ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ምሽት ሳያቋርጡ መሥራትን ብቻ ነው። ዶሮ አብዛኛውን እንቁላሏን የምትጥለው ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ በመሆኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የመጣል ሥራ አልቋል። በዚያን ሰዓት እንቁላሉን ሰብስበው፣ ሳጥኖቹ ውስጥ የተቀመጠች ዶሮ አለመኖሯን አረጋግጠው ይዝጉ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪጨልም፣ ማለትም እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ይጠብቁ። መሬት ላይ የተከማቹትን አንድ በአንድ በሁለት እጅ ክንፋቸውን ሰብስበው ያንሱና ቆጡ ላይ ያስቀምጡ። በእግር ወይም በክንፍ ማንጠልጠል ዶሮዋን ያስደነግጣታል፤ ቆጡንም ከሕመም ጋር እንድታያይዘው ያደርጋታል። ጣቶቿ እንጨቱን መጨበጣቸውን እስኪያውቁ ድረስ አይልቀቋት። ፈሪዎቹን አስቀድመው ቆጥ ከለመዱት መካከል ያስገቧቸው፤ ጉልበተኞቹን ደግሞ ወደ ዳር ያውጧቸው። በጨለማ ስለማያዩ ተመልሰው አይወርዱም። የሚይዙት ባትሪ ደብዘዝ ያለ ይሁን፤ ደማቅ ብርሃን ካበሩ ሁሉም ነቅተው መልሰው ይዘላሉ።

ሳጥኖቹን በሌሊት መልሶ መክፈት ይቻላል፤ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ስለማይንቀሳቀሱ ሲጨርሱ ከፍተው ቢሄዱ ማለዳ ለመጣል የምትቸኩል ዶሮ በሩ ተዘግቶባት መሬት ላይ አትጥልም። ይህንን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ካደረጉ አብዛኞቹ በራሳቸው መውጣት ይጀምራሉ። አንዷ ወይም ሁለቱ ሊዘገዩ ይችላሉ፤ እነሱን በየምሽቱ ማንሳትዎን አያቁሙ። ሁለት ቀን ሠርቶ አንድ ቀን መተው ግን የለመዱትን ያስረሳቸዋል፤ ስለዚህ ከቤት የማይጠፉበትን ሳምንት መርጠው ቢጀምሩ ይሻላል።

በቤቱ ውስጥ አምፖል የሚያበሩ ከሆነ አንድ ነገር ልናክል። በአገራችን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ፣ እንቁላል ጣዮች ደግሞ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ሲያገኙ የተሻለ ስለሚጥሉ፣ ብዙ አርቢዎች ማታ መብራት ያበራሉ። ከዚያም ሊተኙ ሲሉ በድንገት ያጠፉታል። ያን ጊዜ ዶሮዎቹ ባሉበት ቦታ ጨለማ ይይዛቸዋል፤ ወደ ቆጡ መውጣትም አይችሉም። ተጨማሪውን ብርሃን ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪነጋ ቢያበሩና ማታውን ለተፈጥሮ ጀምበር ቢተዉት ብርሃን ቀስ እያለ ሲደበዝዝ የመስፈሪያ ጊዜ ያገኛሉ።

የቆሸሸውን እንቁላል በቀዝቃዛ ውኃ ከማጠብ ይቆጠቡ። የእንቁላል ቅርፊት ዓይን የማያያቸው ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከላይም ተሕዋስያን እንዳይገቡ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው። በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠብ ሽፋኑ ይነሳል፣ የውስጡም ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በቅርፊቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሳልሞኔላ የመሳሰሉ ባክቴሪያዎችም በዚሁ መንገድ ይገባሉ። ትንሽ ነጠብጣብ ብቻ ያለበትን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ክፉኛ የተለወሰውን ለሱቅ ከማቅረብ ይልቅ ለይተው ቶሎ፣ በደንብ አብስለው ለቤት ይጠቀሙበት። የሳጥኖቹን የቆየ ጉዝጓዝ በሙሉ አውጥተው በደረቅ የጤፍ ጭድ ወይም በሰጋቱራ ይተኩ። በኩስ የተለወሰ ጭድ ሳጥኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ዶሮዎቹ ያደሩበትን ቦታ ለይተው ይመለሳሉ።

ወደፊት ሌላ መንጋ የሚያስገቡ ከሆነ ደግሞ ጫጩቶቹ ገና ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ከመሬት አንድ ጋት ያህል ከፍ ያለች ቀጭን እንጨት ያስቀምጡላቸው። ከአራት ሳምንት ዕድሜ በፊት ቆጥ የተዋወቁ ጫጩቶች ሲያድጉ በቀላሉ ይሰፍራሉ፣ እንቁላላቸውንም መሬት ላይ የሚጥሉት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ቄብ የሚገዙ ከሆነም ሻጩን “ሲያድጉ ቆጥ ነበራቸው?” ብለው ይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ስለ ክትባታቸው ከሚጠይቁት ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ የእኔ ዶሮዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ቆጥ ላይ ያድሩ ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሲመሽ ቆጡ ዘንድ ቆመው እያመነቱ ቆይተው ወደ መጣያው ይገባሉ፤ ቆጡም መጣያውም ቦታቸው አልተቀየረም። እንቁላላቸው ቀንሷል፣ የአንዳንዶቹም ጉትያ ነጥቷል። ምን ሊሆን ይችላል?
(አንድ አንባቢ፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ ለምዶ የኖረ መንጋ በድንገት ቆጡን ሲሸሽ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቆጡ ውስጥ የተደበቀ ደም መጣጭ ተባይ ነው፤ የጉትያ መንጣትና የእንቁላል መቀነስ ሲጨመርበት ደግሞ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ይህ ደቃቅ ተባይ እንደ ቅማል በዶሮዋ ገላ ላይ አይኖርም። ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ፣ ቆጡ ከግድግዳ ጋር በሚጋጠምበት ቦታና በምስማር ቀዳዳዎች ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ደም መጥጦ ይመለሳል። ለዚህ ነው ዶሮዋን ቀን ይዘው ላባዋን ቢያገላብጡ ምንም የማያገኙት። ሲራብ አመድማ፣ ደም ሲጠጣ ቀይ ይሆናል።

ለማረጋገጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይዘው የቆጡን ታችኛ ክፍል ይጥረጉ፤ ቀይ የደም ጭረት ከወጣ ተባዩ አለ ማለት ነው። በእንቁላል ቅርፊት ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ መታየቱና ከዶሮ ቤት ሲወጡ ክንድዎን የሚያሳክክዎ መሆኑም ሌሎች ምልክቶች ናቸው። በዚህ ሁኔታ ዶሮዎቹን በግድ ወደ ቆጡ መመለስ ጭካኔ ነው፤ መጀመሪያ ቆጡ ይጽዳ።

ጉዝጓዙን ሁሉ አውጥተው ከግቢ ርቆ ያቃጥሉ። ቆጦቹን ነቅለው ቅርፊት ካላቸው ልጠው በሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ ይጠቡ፤ በየስንጥቁ የፈላ ውኃ አፍስሰው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁ። ግድግዳውንና መገጣጠሚያዎቹን በኖራ ይቅቡ። የፈላ ውኃው እንቁላሎቹን ሁሉ ላያጠፋ ስለሚችልና ከእንቁላል እስከ ሙሉ ተባይ ያለው ዕድገት በሞቃት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሚፈጅ ይህንኑ ሥራ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መድገም የግድ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጸዱ ሰዎች የሚደክሙት በከንቱ ነው። ዶሮዎቹን ለጥቂት ቀናት ከቤቱ ማስወጣት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ተባዩ ደም ሳያገኝ ለበርካታ ወራት መቆየት ይችላል። ቆጡን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ የመቀባት ልማድ አለ፤ ላባቸውንና እግራቸውን የሚጎዳ፣ እንቁላሉንም የሚበክል፣ ጋዙ ደግሞ እሳት የሚጋብዝ በመሆኑ አንመክረውም። ለሰብል የተሠራ የተባይ መድኃኒትም እንዲሁ። መድኃኒት አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ በቀበሌዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያማክሩ፣ እንቁላሉ ከመድኃኒቱ በኋላ ለስንት ቀን መበላት እንደሌለበትም ይጠይቁ። ለዶሮዎቹ ራሳቸው ደረቅ አፈርና የተነፋ አመድ የሞላበት ዝርግ ዕቃ ቢያስቀምጡላቸው እየተንከባለሉ ገላቸውን ያጸዳሉ።

ጥያቄ፦ አንዲት የአበሻ ዶሮ አለችኝ፤ ማታ ብቻ ሳይሆን ቀንም ከመጣያው አትወጣም። ስጠጋት ላባዋን ነፍታ ትጮሃለች። ቆጥ ላይ ባስቀምጣትም ጠዋት ተመልሳ እዚያው ናት። ጎረቤቴ ቁልቁል ሰቅዬ እንዳሳድራት መከረችኝ።
(አንዲት አንባቢ፣ ከሰበታ)

መልስ፦ ይህች ዶሮ ለመታቀፍ የተቀመጠች ናት፤ በአበሻ ዶሮዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ሲሆን እንደ ላይኛው ጥያቄ የማደሪያ ጉዳይ አይደለም። ጫጩት የሚፈልጉ ከሆነ ከአውራ ዶሮ ጋር ከዋሉ ዶሮዎች የተገኘ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ጸጥ ባለ ጥግ ያስታቅፏት፤ በ21 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ካልፈለጉ ግን እባክዎን ቁልቁል አይስቀሏት፤ ውኃ ውስጥም አይንከሯት። የሚያስቆማት ከሆዷ ሥር ያለው ሙቀት መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ወለሉ ሽቦ በሆነና ከመሬት ከፍ ብሎ አየር ከሥር በሚያገኘው ሳጥን ውስጥ፣ ያለ ጉዝጓዝ፣ መኖና ውኃ እያቀረቡ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ያቆዩዋት። ሲለቋት ወደ መጣያው ከሮጠች ሌላ ሁለት ቀን ይጨምሩ፤ ከሌሎቹ ጋር መጫር ከጀመረች ግን በዚያው ምሽት በጨለማ ቆጡ ላይ ያስቀምጧት።